ማን ይንካው? አሮጌ ሲንተሳይዘር፣ ጠጋኙና የመታመን ታሪክ

(አሶሳ ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእሴ ከአንድ የታሪክ መምህር የሚጠበቅ ላይመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ አይደለም። አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ሲበላሽ ለማን ይሰጣል? የምንሰጠውንስ ሰው በምን እናምነዋለን? የንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ስለ ሆነ ከዚያው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ይኖሩ የነበሩ አንድ የኪቦርድ ተጫዋች ዐረፉ። በ1977ቱ ረኀብ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚህ ከሰፈሩት ቤተ ሰቦች ወገን ነበሩ። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን አገልግለዋል፤ ከዚያም በኋላ በየሠርጉና በየበዓሉ ሲጫወቱ ኖረዋል። መሣሪያቸው ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 የሚባለው ሲንተሳይዘር ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ መሣሪያው አልበራ አለ። ባለቤታቸውም የታሪክ መምህር መሆኔንና የቆዩ ዘፈኖችን እንደምሰበስብ ስለሚያውቁ፣ «መምህር፣ አዲስ አበባ ስትወርዱ ይዛችሁልኝ ሂዱ» ብለው አደራ ሰጡኝ። እኔም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ይዤው ሄድሁ። ምን እንደ ገጠመኝ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እንዲህ ያለው ዕቃ ጠጋኝ ፍለጋ ያን ያህል መንገድ መጓዝ ያስፈለገው ለምን እንደ ሆነ ከታሪክ ላሳይ።

ሠሪና ተጫዋች ባልተለያዩበት ዘመን

ክልላችን ለዚህ ጥያቄ መልካም መነሻ አለው። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የመለከት ስብስብ አለው። ስሙ በአማርኛ ጆሮ ቀልድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከቀልድ የራቀ ነው። መለከቱ ቅል ከቅል እየተጋጠመ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ መለከት የራሱን አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ዜማው የሚገኘው ብዙ ነፊዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዋዛን ሊጫወት አይችልም።

እንግዲህ ቅሉ ቢሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል? ቅል ከደጅ የሚበቅል ነገር ነው፤ ሠሪው፣ ነፊውና አድማጩም የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ጥገናው ልክ ሆኖ እንደ ሆነ የሚፈርደው በዚያው ዜማ ያደገው ሁሉ ጆሮ ነው። በሌላውም የሀገራችን ክፍል ነገሩ እንዲሁ ነበር። የማሲንቆ ጭራ ሲበጠስ ባለ ማሲንቆው ከፈረስ ጭራ መዝዞ ይተካዋል። የክራር ጅማት ሲላላ ባለቤቱ ያጠብቀዋል። ጠጋኝ የሚባል ሦስተኛ ሰው በመካከል ስላልገባ፣ እርሱን የማመንና ያለማመን ጥያቄም አልተነሣም።

በሌላ በኩል ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውንና ሸማ የሚሠራውን ባለ እጅ ኅብረተ ሰባችን በጥርጣሬና በንቀት ሲመለከት መኖሩን ልንሸሽገው አይገባም። ሥራውን እየፈለገ ሰውየውን ይጠላ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጅ ያስፈለገው ችግሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። የተናቀ ባለ ሙያ ዕውቀቱን ይሸሽጋል፤ ከልጁ በቀር ለማንም አያስተምርም፤ የሠራውንም አይጽፍም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ስለ ትሕትና የተነገረ ቢሆንም፣ በጥገና ዓለም ግን ዋጋ አስከፍሎናል። በልብ ያለ ሙያ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራልና።

የኤሌክትሪክ መሣሪያው አመጣጥ

ዘመናዊው የሙዚቃ መሣሪያ ወደ ሀገራችን በብዛት የገባው በመንግሥት እጅ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የናስ መለከት ባንድ አቋቋሙ። ኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ተከተሉ። በእነዚህ ቤቶች መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነው፤ ተበላሽቶ ሲገኝ የሚጠየቅበት ግምጃ ቤትና መዝገብ አለው።

ሙዚቃው ከመንግሥት እጅ እየወጣ ሲሄድ ግን መሣሪያውም አብሮ ወጣ። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የግል የሸክላ ማሳተሚያውን ከጀመረ በኋላ በሆቴልና በምሽት ክበብ የሚሠሩ ባንዶች ገነኑ። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ከተማውን ሲዘጋው፣ ታዳሚው እዚያው ሆቴል ውስጥ እየጨፈረ ያነጋ እንደ ነበር የዘመኑ ሙዚቀኞች ይናገራሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7ና የምት ማሽን ይዞ፣ ሁሉንም ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ሲታተም ዓለም በአዲስ ጆሮ ሰማው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዋዛ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ሥራ ሲንተሳይዘር ለአንድ ሰው አስረከበው፤ ባንድ ለመቅጠር ዐቅም የሌለው የገጠር ሠርግም በአንድ ኪቦርድ መድመቅ ጀመረ። ሁለተኛ፣ ብዙዎች «ያለፈበት» ያሉት ድምፅ ከ28 ዓመት በኋላ ተፈላጊ ሆነ። ስለዚህ በየቤቱ አቧራ የለበሰው አሮጌ ኪቦርድ ቆሻሻ ነው ብለን ከመጣላችን በፊት ሁለት ጊዜ ልናስብ ይገባል።

በውስጡ ያለው ምንድር ነው?

ጠጋኝን ለመመዘን ስለ ዕቃው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ዲ.ኤክስ. 7 እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የጃፓን ሥራ ነው። ድምፅ የሚፈጥርበት ስልት በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቾውኒንግ የደረሰበት ሲሆን፣ ያማሃ መብቱን ገዝቶ ለገበያ አበቃው። መሣሪያው 32 ድምፆችን በውስጡ ይይዛል። እያንዳንዱ ድምፅ ከ140 በላይ ቁጥሮች ስብስብ ነው፤ ተጫዋቹ ቁጥሮቹን እየለወጠ ከዚህ ቀደም ያልነበረ ድምፅ መፍጠር ይችላል። 32ቱ ድምፆች በጠቅላላ የሚይዙት ቦታ 4,096 ባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችን ከምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያንሳል። መሣሪያው ሲጠፋ ይህን ማስታወሻ የምትጠብቀው በሰሌዳው ላይ የተበየደች፣ ሳንቲም የምታህል አንዲት ባትሪ ናት። ባትሪዋ ከደከመች ወይም ከቦታዋ ከተነቀለች ተጫዋቹ የፈጠረው ሁሉ ይጠፋል።

ሌሎችም የየራሳቸው ሕመም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮርግ ፖሊሲክስ በውስጡ ያለው ባትሪ ሲያረጅ ፈሳሹ ይወጣና የሰሌዳውን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሮላንድ ጁኖ 106 ድምፁን የሚያመነጩት ስድስት ቺፖች በሙጫ የተሸፈኑ ናቸው፤ ሙጫው ሲያረጅ ድምፁ ይንኮሻኮሻል ወይም ከስድስቱ አንዱ ዝም ይላል። በሁሉም ዘንድ ደግሞ ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ።

ለእኛ ሀገር የተለየው ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። የሀገራችን መስመር 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በስጦታ የላከውን ኪቦርድ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳው ላይ የሰካ ሰው ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ያጠጣዋል። ብዙ ስጦታ በደረሰበት ዕለት የሚሞተው በዚህ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚከተለው ግፊትና በጥድፊያ የሚሰካው ጄኔሬተርም የየራሳቸውን ጉዳት ይጨምራሉ።

ጠጋኙ ከወዴት መጣ?

ሲንተሳይዘር ለመጠገን ብሎ የተማረ ሰው በሀገራችን አልነበረም። ሥራው የወደቀው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሠሪዎች ላይ ነው። አንዳንዱ በ1934 ዓ.ም. በተቋቋመው በአዲስ አበባ ተግባረ እድ ወይም ከዚያ በኋላ በተከፈቱት የሙያ ትምህርት ቤቶች ተምሯል፤ አንዳንዱ በጦር ሠራዊት መገናኛ ክፍል ሠልጥኗል፤ ብዙው ግን በመርካቶና በፒያሳ ትንንሽ ሱቆች ከታላቁ እጅ እያየ ተማረ። መለዋወጫ አይገኝም፤ የመሣሪያው የጥገና መጽሐፍ አይገኝም። ከሞተ ሬዲዮ ክፍል ነቅሎ በሕይወት ላለው መትከል የዕለት ሥራ ነበር። ይህን ያደረጉ ሰዎች ብልኃት ምስጋና ይገባዋል እንጂ ነቀፋ አይገባውም።

ይሁን እንጂ መታመን የተመሠረተው በስም ብቻ ነበር። «እገሌ ጋ ውሰደው» ይባላል እንጂ እገሌ ምን እንደ ሠራ የሚያሳይ ወረቀት የለም። እገሌ ሱቁ ሲፈርስ፣ ሲሰደድ ወይም ሲሞት የደንበኞቹ ዕቃዎች ታሪክ አብሮት ይሄዳል። እንደ አሶሳ ላለ ሩቅ ከተማ ነገሩ ይከፋል። በጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት የተበላሸ ዕቃ መላክም፣ የተላከውን መመለስም አልተቻለም። ሩቅ ያለ ሰው ጠጋኙን ተመልሶ ሊጠይቅ አይችልምና የሚታለለው እርሱ ነው።

የሆነው ነገር

አሁን ወደ አደራዬ ልመለስ። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ያሳየሁት ሰው መሣሪያውን ገና ሳይከፍት «ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ ለመለዋወጫ እኔው ልግዛህ» አለኝ። አላመንሁትም፤ ይዤው ወጣሁ። ሁለተኛው ሰው ግን በፊቴ ከፈተው። በቴስተር ለካ። የኃይል ክፍሉ ውስጥ የተበላሸውን ፊውዝና የደረቀውን ካፓሲተር አሳየኝ። ዋጋውን አስቀድሞ ነገረኝ፤ በሁለተኛው ቀን ሠርቶ ጠበቀኝ፤ ከተነጋገርነው በላይ አንድ ብር አልጨመረም። «አሮጌ ስለ ነበረች ባትሪዋንም በነጻ ቀይሬልሃለሁ፤ የፋብሪካውንም ድምፆች ጭኜበታለሁ» አለኝ። አመስግኜው ተለያየን።

አሶሳ ተመልሼ መሣሪያውን ከባለቤቱ ሚስት ፊት ስከፍተው አማረ፤ ደመቀ። ወንድ ልጃቸው ጥቂት ተጫወተ። እርሳቸው ግን ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «መምህር፣ ይኼ የሳቸው አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሟቹ በብዙ ዓመት ትዕግሥት የፈጠሯቸው 32 ድምፆች ነበሩ። ስማቸውን በመሣሪያው ትንሽ መስኮት ላይ፣ በላቲን ፊደል፣ ከ10 ሆሄ በማይበልጥ ጽፈዋቸው ነበር። ክራር ነበር፤ ዋሽንት ነበር፤ ከበርታ ጎረቤቶቻቸው ጋር በመኸር ወቅት ተቀምጠው እየሰሙ፣ እየሞከሩ ያወጡት የዋዛ ድምፅም ነበር። ከወሎ የመጣ አንድ ሰፋሪ የተቀበለውን ምድር እንዴት እንደ ሰማው የሚመሰክር ሰነድ በእነዚያ 4,096 ባይቶች ውስጥ ነበር። ባትሪዋ ስትነቀል ሁሉም ጠፋ። ሴት ልጃቸው በኋላ ደብተሮቻቸውን ስትፈትሽ የአንዱን ድምፅ ቁጥሮች በእርሳስ ተጽፈው አገኘች። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ብናስገባ ዋሽንቱ ተመለሰ። ዋዛው ግን አልተመለሰም።

ያ ጠጋኝ ሌባ አልነበረም፤ ሙያም አላነሰውም። ሐቀኛ ነበር። እኔም ለዕቃው ግድ የለሽ አልነበርሁም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በውስጡ የሚጠፋ ነገር አለ ወይ?» የሚለው። እርሱ አልጠየቀኝም፤ ሰነድ ማለት ምን እንደ ሆነ ለሰላሳ ዓመት ገደማ ያስተማርሁት እኔም ለመጠየቅ አላሰብሁም።

ታማኝ ጠጋኝ በምን ይታወቃል?

ከዚያ ወዲህ መታመን ሦስት እግር እንዳለው አምናለሁ፤ እጅ፣ ሐቅና ጥያቄ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁላችንም እንፈልጋለን፤ ሦስተኛውን እንረሳለን።

ታማኝ ጠጋኝ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል፤ የማን ነበር፣ መቼ ዝም አለ፣ ከዚያ በፊት ምን ዓይነት ምልክት አሳየ፣ ማን ነክቶት ነበር፣ በውስጡ የተቀመጠ ሥራ አለ ወይ? ከዚያም ማስታወሻውን ሳያድን ባትሪውን አይነካም። የዲ.ኤክስ. 7 ድምፆች ሚዲ በሚባለው ገመድ ወደ ኮምፒዩተር ሊገለበጡ ይችላሉ፤ ያ ባይገኝ እንኳ በወረቀት ሊጻፉ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ሳይለካ አይፈርድም። ከኃይል ክፍሉ ጀምሮ በቴስተር እየተከተለ ይሄዳል እንጂ በግምት አንዱን ክፍል ከሌላው እየቀያየረ አይሞክርም። አራተኛ፣ ያወጣውን አሮጌ ክፍል በፌስታል አድርጎ ይመልሳል። አምስተኛ፣ «ይህን አላውቀውም» ማለት ይችላል፤ የሚያውቀውንም ሰው ይጠቁማል። በመጨረሻም የሠራውን ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ ይሰጣል።

ባለ ዕቃውም ግዴታ አለበት። መሣሪያውን ከማስረከቡ በፊት መለያ ቁጥሩን ይመዝግብ፤ ውስጡንም ውጭውንም ፎቶ ያንሣ። ለማያውቀው ሰው መጀመሪያ ትንሽ ሥራ ሰጥቶ ይፈትነው። ከሁሉም በላይ ለምርመራው ይክፈል። በሀገራችን ልማድ ዕቃው ካልተሠራ ገንዘብ አይከፈልም። ለዚህም ነው ጠጋኙ «አይሠራም» ብሎ እውነቱን ከሚናገር ይልቅ በግምት ለመነካካት የሚገደደው። ሐቁን ለመስማት ካልከፈልን፣ ሐቅ ተናጋሪው በረኀብ ሥራውን ይተዋል።

ከእኛ የሚጠበቀው

በየወረዳው የባህል ቢሮ ግምጃ ቤት፣ በየኪነት ቡድኑ ቀሪ ዕቃ፣ በየሠርግ ተጫዋቹ ቤት አሮጌ ኪቦርዶች አሉ። ከዲ.ኤክስ. 7 በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ድምፃቸውን በፍሎፒ ዲስክ የያዙ ናቸው፤ ዲስኩም በሙቀትና በአቧራ ይሞታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልንጠግን አንችልም። ልንመዘግባቸው ግን እንችላለን። ተማሪዎቼን የምለምነው ይህን ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ ዕቃው የማን እንደ ሆነ፣ በየት በኩል እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጠገነው ጠይቃችሁ ጻፉ። የሚሠራ ከሆነ ድምፆቹን አንድ በአንድ በስልካችሁ ቅዱ። ጠጋኞችንም ፈልጉ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የሚያውቁትን ጻፉ። ሙያ ከልብ ወደ ወረቀት የሚሻገረው እንዲህ ነው።

የዋዛን ቅል የሚጠግን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዜማውን ያውቀዋል። የሲንተሳይዘሩን ሰሌዳ የሚከፍት ሰውም ቢያንስ ዜማው የማን እንደ ነበር ቢጠይቅ፣ ሠሪና ተጫዋች ከተለያዩ ወዲህ በመካከላቸው የተከፈተው ርቀት በጥቂቱ ይጠብባል። እኔ በጊዜው አልጠየቅሁም። እናንተ ግን ጠይቁ።